ባሕሩ የራቀው ትምህርት ቤት

ማናማ፣ አሮጌው ሰፈር፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
በቴምር ግንድና በባሕር ድንጋይ የተገነባ፣
የሉል ነጋዴ ቤት ነበር፤ ይላሉ ሲስተር አግኔዛ፤
ሉል ገበያ አጥቶ፣ በሰውዬው ዕዳ ሲበዛ፣
ቁልፉን ለሦስት መነኮሳት ሰጠ፣ በሩፒ ሒሳብ፣
ከቦምቤይ መርከብ እንደወረዱ፣ ነጭ ልብሳቸው ላብ በላብ።
(ሲስተር ራሳቸው የመጡት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤
ሲያወሩት ግን ሻንጣውን የተሸከመ ትከሻቸው ነው።)
አንድ ሣጥን መጽሐፍ፣ አንድ የስፌት መኪና፣
አንዷ ወባ የያዛት፣ ሁለቱ በጤና።
በቃ፤ ይኸው ነበር ካፒታሉ።

መዝገቡን ሳራግፍ አነባለሁ፤ ማን ይከለክለኛል?
የመጀመሪያው ቀን ሰባት ልጅ፤ ቀለሙ ቡኒ ሆኗል።
የጎዋው ጸሐፊ መንትዮች፣ ፊሎሜናና ሊዲያ፤
ሲራኑሽ፣ የአርመን አንጥረኛ ልጅ፣ አርፋጅ ከመጀመሪያ፤
ከባስራ ሦስት እህትማማች (ፎቶው ላይ አንድ ጃንጥላ ከላይ)፤
ስሟን ምስጥ የበላው አንዲት፤ የቀረው በገጹ ላይ፦
«አባት፦ ዘበኛ፣ ነዳጅ ኩባንያ።»

ጎረቤት እንዳይቀየም ደወሉን ውጭ አልሰቀሉም፤
ከሰጠመች መርከብ የተረፈ ነው፤ ስሟ ተፍቆ አይነበብም።
ምላሱን በጨርቅ ጠቅልለው ደረጃው ሥር አንጠለጠሉ፤
ልጆቹ ይሮጡ ነበር፣
«ሽማግሌው አሳለ፣ ግቡ!» እየተባባሉ።
ዛሬ የሚጮኸው ኤሌክትሪክ ነው።
እኔ ደወሉን የማውቀው በአቧራው ነው።

ያኔ ባሕሩ ከደጅ ነበር፤ ሞገድ ሲበረታ ይገባል፤
ሒሳብ፣ እግርን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ይቀጥላል።
በኋላ አሸዋ በመኪና እየተገለበጠ፣
ባሕሩ በየዓመቱ አንድ አንድ ጎዳና እየሰጠ፣
ይኸው፣ ከጣራው ቢወጡም ባንክ እንጂ ውኃ የለም።

በስልሳዎቹ ሙኒራ መጣች፣ የጀልባ ሠሪው ልጅ፤
አባቷ ጫማውን አውልቆ ቆመ እደጅ።
«ቤተ ክርስቲያን ታስገቧታላችሁ ወይ?»
እመምኔቷ ሳቁና፦ «የማስገባት አልጀብራ ውስጥ ነው፤
ቢከብዳት፣ ስሙን ካወጡለት ዘመዶቿ ጋር ትጣላ።»
ሙኒራ ሐኪም ሆነች። የሰፈሩን ግማሽ አዋለደች።
በዘጠናው ጦርነት ከኩዌት የሸሹ ልጆች ሲመጡ፣
አንድ ወንበር ለሁለት፣ ለፈተና ሲቀመጡ፣
የጋዝ ጭምብላቸው ከማስመሪያው አጠገብ፣
በሩ ላይ የቆመችው እሷ ነበረች፣ ከነነጭ ጋዋኗ።

ወደ ኋላ ስገልጥ፣ ሰባ ስምንት ላይ እጄ ቆመ።
በላቲኑ መሐል፣ «ፊርማ» በሚለው ሥር፣ ፊደል።
የእኛ ፊደል።
ምልእተ ዘርአጽዮን።
አባት፦ የመርከብ መካኒክ፣ ምጽዋ።

ሲስተርን ጠየቅኳቸው፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ወደ ጥላ ስገፋ።
«ያቺ? ኬሚስትሪ ወደቀች። ቅርጫት ኳስ ግን፣ ማን ችሏት!
የአረብኛ አስተማሪዋ ያረፈደች ቀን
ሰሌዳውን ሞልታ ክፍሉን ሁሉ አስቆጠረች፤ እኔንም።
በሦስተኛው ወር መርከቡ ሄደ። ሄደች።»
ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፦ «ሀ… ሁ… ሂ… ሃ…
ቀጥሎስ?»
«ሄ» አልኳቸው።
እኔም ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤
ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

ሐምሌ ላይ ይለቃሉ፤ አዲሱ ሕንፃ በረሃው ዳር ነው፣
መስታወት በመስታወት።
መዝገቡ ኮምፒውተር ይገባል። ይህ ግቢ የመኪና ማቆሚያ።
ስለ ደወሉ እስካሁን ማንም አልጠየቀም።

ገጹን በስልኬ አንስቼ ለእህቴ ለአሰገደች ላክሁ።
«ማናት?» አለች። ቀጥላ፦ «ደሞዝ ገባ?»
«ገባ» አልኳት።

ትናንት ማታ ደረጃው ሥር ገብቼ
ከደወሉ ምላስ ላይ ጨርቁን ፈታሁ።
አልደወልኩም።
ጨርቁን አጠብኩት፣ አሰጣሁት።
ሲነጋ ደርቆ ነበር፤
ነጭ ኖሯል።